ገሱባ ላይ አሸንፈን የፈራንበት ቀን

ከሶዶ የተነሳነው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ገሱባ ላይ የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ይጠብቀናል። ስድስት ዓመት ያሠለጠንኩት የእግር ኳስ ቡድን ነው። የቡድኑ ኃላፊ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ፣ «መምህር፣ ከተሸነፍክ ቦታህን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አለኝ። መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው። ደጋፊዎቻችን አይሱዙ ላይ ተጭነው እየዘፈኑ ተከተሉን።

መንገዱ

ሌሊት የዘነበው ዝናብ ቀዩን አፈር አላቁጦታል። ግራና ቀኙ እንሰትና በቆሎ ነው። ሁለት ጊዜ ሚኒባሳችን ተቀረቀረ። ሁለቱንም ጊዜ ደጋፊዎቹ ከአይሱዙው ዘለው ወርደው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገፉን። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስለ ሽንፈት አስባለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ገሱባ

የገበያ ቀን ነበር። በሁለት ብር የተቀቀለ ቦዬ፣ ድንች መሳይ ሥራ ሥር፣ ገዛሁ፤ ሻጯ ማባያ የሚሆን ዳጣ በርበሬ ጨመረችልኝና፣ «ያ ኳስ የሚያስጨፍረው ልጅ መጥቷል ወይ?» አለችኝ። ማርቆስን ማለቷ ነው፤ አማካያችንን። ቦዬውን ሳልጨርስ ወደ ሜዳው ሄድኩ።

ጨዋታው በተጀመረ በሩብ ሰዓት ማርቆስ ሦስት ሰው አልፎ አቀበለ፤ ጎል ሆነ። ያን ጊዜ መሪነቱን እናጣለን ብዬ ፍርሃቴ ባሰ። ልጁን አስወጥቼ ተከላካይ አስገባሁ። ኳስ እግራቸው ሥር በገባች ቁጥር ወደ በቆሎው እንዲጠልዟት አዘዝኩ። በረኛችን ሰዓት ለመግደል ሳይመታ ሦስት ጊዜ ተኛ። የእኛ ደጋፊዎች ዘፈናቸውን ትተው ያፏጩብን ጀመር። አንድ ለዜሮ አሸነፍን።

በሚኒባሱ ከሜዳው ስንወጣ መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል፤ የራሳችን ደጋፊዎች! ሾፌሩ መስኮቱን ዘጋ። ልጆቹ ወንበር ሥር ተሸጎጡ። መስታወት በድንጋይ ሲረግፍ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። ቢሆንም ወረድኩ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩ።

ልብስ ሰፊው አቶ ዳና፣ የደጋፊዎቹ ታላቅ፣ ተነስተው ቀረቡኝ። «እጃቸውን እይ፤ ድንጋይ የለም። አትፍራ መምህር። ግን ያን ሁሉ ጭቃ የገፋነው ኳስ በቆሎ ውስጥ ሲገባ ልናይ ነው?»

«ዋንጫው ቢቀርብንስ፣ አቶ ዳና?»

«ይቅር! ተሸንፈንም እየዘፈንን ተመልሰናል። ዛሬ ምኑን እንዝፈን?»

ተነሱና መንገዱን ለቀቁልን።

መልስ

አይሱዙው ከኋላችን ያለ ዘፈን መጣ። አንገቴን ወደ ኋላ ማዞር ፈራሁ። ስድስት ዓመት አብረውኝ የኖሩ ሰዎች ድንጋይ ያነሱብኛል ብዬ መጠርጠሬ አሳፈረኝ። በዚያ ቀን ቡድኑን የመራው ፍርሃቴ እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ከገሱባ ይዤ የተመለስኩት ትምህርት ይኸው ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሶዶ ስንገባ ኃላፊው እየሳቀ ተቀበለን። «ጎበዝ! ፍጻሜውንም እንደዚሁ!» አለ።

ማርቆስ ከሚኒባሱ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። «መምህር፣ ለፍጻሜው እገባለሁ?»

ኃላፊው ሳቁን አቋርጦ አየኝ።

«ትገባለህ» አልኩት፤ ኃላፊው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «እስከ መጨረሻው ደቂቃ ትጫወታለህ።»

ድምፄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።