ተጨማሪ ሐሳብ የሚባለው ሳጥን

መምህሩ ደውሎ «እትዬ፣ ክፍት ምንጩን ልናዘምነው ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት ቤት ብቅ ይበሉ» ሲለኝ አካፋ ይዤ ሄድሁ። ምን ላድርግ? በእኛ አገር ክፍት ምንጭ ማለት አጥር የሌለው ውሃ ነው። ሲታደስም የሚጠጣው ሁሉ ወጥቶ ደለሉን ይጠርጋል። የኮምፒውተር ክፍሉን በር ስከፍት ሁለት ሰው አገኘሁ፤ መምህሩንና ከደብረ ታቦር የመጣች አንዲት ወጣት ፕሮግራመር። አካፋዬን አዩት። እኔም አየሁት።

«ምንጭ ያልሁዎት የገበያውን ገጽ ነው፤» አለ መምህሩ ሳቁን ውጦ። «የተሠራበት ኮድ ክፍት ነው። የፈለገ አይቶ ያስተካክለዋል።»

«ባለቤት የለውማ።»

«ባለቤቱ ሁሉም ነው።»

«የሁሉም የሆነ ምንጭ ላይ መጀመሪያ የሚገባው በሬ ነው፤» ብዬ አካፋዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥሁ።

ገጹን አውቀዋለሁ። ንፋስ መውጫ ላይ ባቄላና ምስር ነው የምነግደው፤ በየገበያው ቀን ምን እህል እንደገባ፣ መንገዱ ጭቃ ይሁን ደረቅ ከስልኬ እጽፍበታለሁ። ከስማዳም ከእስቴም የሚጽፉ ነጋዴዎች አሉ። ከታች አንዲት ሳጥን አለች፤ «ተጨማሪ ሐሳብ» ትላለች። ምን እንደሚጻፍባት የነገረን የለም። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጆንያ ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው፤ ባዶ ቦታ ሳይ አላስችል ይለኛል።

የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ ሽማግሌ የገብስ ነጋዴ ነበሩ። ፊት ለፊት የተያየነው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በሚዛን ተጣልተናል። በሳጥኗ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። «ዛሬ ገብስ በዝቷል። የደመና ጥላ ገበያውን አቋርጦ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ» ብለው ይጽፋሉ። እኔ እመልሳለሁ፦ «እዚህ ጉሙ ጆንያዎቹን ውጧቸዋል። ገዥ የምለየው በሳሉ ነው።» ሌላ ቀን ደግሞ እሳቸው፦ «መንገዱ ደርቋል። የአተር አበባ ሽታ መጥቶ ሚዛኔ ላይ ተቀምጦ አልወርድም አለ።» ያን ዕለት የራሴን ሚዛን ባዶውን አየሁት፤ ትንሽ የተወዛወዘ መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን በመካከላችን ያለው የጉና ተራራ እየሳሳ ሄደ። አንዳንድ ጠዋት ጆንያዬን ስፈታ የቆምሁት በእሳቸው ገበያ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እስቴ ሦስት ገበያ ዝም አለች። በአራተኛው ልጃቸው ጻፈ፦ «አባታችን ዐርፈዋል። ገብስ ትንሽ ገብቷል።»

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ዕቅዱን ይደረድራል። ሃካቶን ይሉታል፤ ለእኔ ደቦ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከየከተማው ኮድ ጸሐፊዎች መጥተው አሮጌውን ገጽ አፍርሰው እንደ አዲስ ይሠሩታል። የት ያድራሉ? መብራት ሲጠፋስ?

«ፍልሰታ ላይ ነው የጣላችሁት፤» አልሁ። «እንግዶቻችሁ ሽሮ ይበላሉ?»

«ይበላሉ።»

«በሽሮ የማይሠራ ኮድማ ይቅርብን።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቱ እየሳቀች ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ተጨማሪ ሐሳብ፣ ይውጣ።»

ነጋዴ ነኝና የምፈልገውን ዕቃ ቀና ብዬ አላየውም፤ መጀመሪያ ጎኑ ያለውን እጠይቃለሁ። ስለ መብራቱ ጠየቅሁ። ስለ ወንበሩ ጠየቅሁ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሌላ ስብሰባ መያዙን፣ ሌላ ቦታ እንዳላገኙ ሰማሁ። ከዚያ እንደ ዋዛ፦

«እዚያች ሳጥን ውስጥ የተጻፈውስ?»

«ይጠፋል፤» አለች። «ገጹን የምታንቀራፍፈው እሷ ናት። ደግሞ ማን ያነበዋል፣ እትዬ?»

«መጋዘኔ አዝመራ እስኪገባ ባዶ ነው። ጎኑ ያለው ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር አለው። ሽሮውም በእኔ። ሳጥኗን ተዉልኝ።»

ልጅቱ መምህሩን አየችው፤ መምህሩ ጣሪያውን አየ። «እሺ ብንል እንኳ» ብላ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረች። የቆየውን ጽሑፍ ከፍታው ኖሯል። ግማሹ ፊደል ባዶ አራት ማዕዘን ሆኗል፤ ሰው የለቀቀው መንደር ይመስላል። ዐምና ጽሑፉን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሲያዛውሩ ተበላሽቷል። ስልኬ የሚያሳየኝ የቅርቡን ብቻ ስለሆነ አላወቅሁም ነበር።

«ይህን ማሽን አይመልሰውም፤» አለች። «ምን ተብሎ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ መሙላት አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?»

ጣቴን አንዱ መስመር ላይ አኖርሁ። «ጉና ላይ» ይልና ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። «በረዶ ወርዶ አህዮቹ ነጭ ሆነው ገቡ። ባቄላ የለም፤» አልሁ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፈችው። ቀጣዩን አወረደች፤ ሞላሁላት። ሌላም ሞላሁላት። በየባዶው ቤት አንድ አንድ ፊደል ሲገባ፣ መብራት እንደሚበራበት መንደር ሆነ። መምህሩ ሳይጠይቀኝ ተነሥቶ ከፕሮግራመሮቹ ዝርዝር ሥር «እትዬ፣ ፊደል መመለስ» ብሎ መዘገበኝ።

ከዚያ አንድ መስመር መጣ። ከዳር እስከ ዳር ባዶ፤ መጨረሻው ላይ «ነው» ብቻ ቀርቷል። ቀኑን አየሁት፤ የገብስ ነጋዴው ሽማግሌ የመጨረሻ ገበያ ነው። አንብቤዋለሁ፤ መልሼላቸዋለሁም። መልሴ ከነፊደሉ ተርፏል፦ «እኛም ጋ እንዲሁ ነው።» ምኑ እንዲሁ እንደነበር ግን ጠፋኝ።

«ገምተው ይሙሉት፣ እትዬ፤» አለች ልጅቱ በቀስታ። «ማን ያውቃል?»

ጉም ነው። ጭቃ ነው። ጸጥታ ነው። ሁሉም ልክ ይመጣል። አፌ ውስጥ አገላበጥኋቸው። በዕድሜዬ ጠጠር ያለበት ምስር ሸጫለሁ፤ አልክድም። እሳቸው ያላሉትን ብለዋል ማለት ግን አቃተኝ።

«እንዳለ ተይው፤» አልኋት። «ባዶውም ይግባ።»

«ብልሽት ይመስላል እኮ።»

«ይምሰል። ከሥሩ የእኔን አስከትይ።»

አስከተለችው፦ እኛም ጋ እንዲሁ ነው።