ባለ ሰይፉና የልጄ ሚስት

ያዋረደችኝ የልጄ ሚስት ሠናይት ናት። ኪሌሌሽዋ በሚባል የውጭ አገር ሰፈር እነሱ ቤት ስኖር ሁለት ነገር ወደድኩ፤ በሲዲ የሚመጣ፣ እንደ ሕልም ቀስ የሚል አስፈሪ ፊልምና የጃፓን ጀግኖች የሥዕል መጽሐፍ። የሚሮጥ አጋንንት አይመቸኝም። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ሥዕሉ ይበቃኛል።

ለማኅበራችን ሴቶች የአንዱን መጽሐፍ ታሪክ የምተርከው እኔ ነበርኩ፤ ባለ ሰይፉ ከሞት ይነሳል፣ ሰይፉን ለጌታው ይመልሳል፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ እናቱ ቤት ይገባል። አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር።

አንድ ቀን ማኅበሩ እኛ ቤት ሆኖ ሠናይት ዳቦ እየቆረሰች፣ «እማማ፣ እሱ መጽሐፍ እኮ የሚጀመረው ከቀኝ ነው። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ይሞታል» አለች።

«ታዲያ እትዬ፣ ዓመት ሙሉ ሬሳ ሲያስነሱልን ነበር?» አለች ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ አስካለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ጠዋት መነጽሬን አደረግሁ፤ መጽሐፉን ከግራ ገለጥኩና ሰውዬውን አስነሳሁት።