ሃያ አራት ፍየሎች በጥቁር ስክሪን

በተመረቅሁ በሦስተኛው ወር አንድ ዱክቱር ላቦራቶሪው ውስጥ በሙከራ ሠራተኝነት አስገባኝ። ያገናኘችን የእናቴ አሠሪ፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ያለች የቤት እመቤት ናት። ዱክቱሩ የሃያ አራት ፍየሎችን ዲኤንኤ አስነብቧል፤ የእኔ ሥራ ንባቡን በኮምፒውተር ማሰለፍ ነው። ሥራሽን ከወደድኩት የቅጥር ጀዋብ እጽፍልሻለሁ አለኝ። ያለዚያች ደብዳቤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም፤ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እናቴ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ «ጀዋቡስ?» ትለኛለች።

ሥራው ማውስ የለው፣ ሥዕል የለው። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እጽፋለሁ፣ ኢንተር እመታለሁ፣ እጠብቃለሁ። እኔን የሚገድለኝ መጠበቁ ነው። ፕሮግራሙ የፍየሎቹን የዲኤንኤ ፊደላት አንዱን ካንዱ ሥር ይደረድራል፣ የጎደለ ቦታ ላይ ሰረዝ ያስገባል። የሰጡትን ይደረድራል እንጂ ልክ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ሐሙስ ድርደራው አለቀ። የተደረደረውን ከፍቼ ሳላይ የዝምድናቸውን ዛፍ አሠራሁት። ፍየሎቹ አሥራ ሁለት በዚህ፣ አሥራ ሁለት በዚያ ሆነው ተራራቁ። ፎቶ አንስቼ ለዱክቱሩ ላክሁ። «ማሻላህ፣ አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል። እሁድ ለእንግዶቼ አሳያለሁ» ብሎ መለሰ። ወደ ካላክላ በሚሄደው ሃፍላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቄ ለእናቴ ደወልኩ፤ ተሳካ አልኳት።

ቅዳሜ የተደረደረውን ከፈትኩት። አሥራ ሁለቱ ሰረዝ በሰረዝ ናቸው። ፍየልና ዓሣ እንኳ እንደዚህ አይራራቁም። ናሙናዎቹን በደብተር ወደመዘገበችው ሴትዮ በንዴት ሄድኩ።

«የተበላሹት አንቺ የጻፍሻቸው ብቻ ናቸው» አልኳት።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«መቀመጥ አልችልም።»

«እሱንማ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

ደብተሩን ከፈተች። ለእያንዳንዷ ፍየል ሁለት የፋይል ቁጥር አለ፤ አንዱ ዲኤንኤው ከራስጌ፣ አንዱ ከግርጌ የተነበበበት። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። እኔ የምፈልገው የራስጌውን ነው።

«የቱን ወሰድሽ?»

በግራ በኩል ያለውን አሳየኋት። ሳቀች።

«እኔ ዐረብ ነኝ። ከየት እንድጀምር ፈልገሽ ነው?»

ሌሎቹን ገጾች የሞላው ሠራተኛ በእንግሊዝኛ፣ ከግራ ነው የጻፈው። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ የሱቅ ስም ከቀኝ እያነበብኩ ነው ያደግሁት። ቁጥር ብቻ ሳይ ግን ዓይኔ ሰንበት ትምህርት ቤት እንደለመደው ከግራ ጀመረ።

ፋይሎቹን ቀይሬ ኢንተር መታሁ። ሰረዞቹ ጠፉ። ሃያ አራቱም ተራ ፍየሎች ሆነው አረፉ።

ዝም ብል እሁድ ጀዋቤን እይዛለሁ። አንድ ሙሉ ደቂቃ አሰብኩበት፤ ለእኔ ብዙ ነው። ደወልኩ።

«ዱክቱር፣ አዲስ ዝርያ የለም። ግማሾቹን ከጅራታቸው ነው ያነበብኳቸው።»

«ከጅራታቸው?» ብሎ ደገመው።

«ጀዋቡስ?» አልኩት፣ ልክ እንደ እናቴ።

«ነገ እንግዶቹ ሳይመጡ ነይ። አንድ በአንድ እናያቸዋለን።»

እሁድ ጠዋት አጠገቡ አስቀመጠኝ። ደብተሩን እያመሳከረ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ መስመር በመስመር ሄደ። ጉልበቴ ጠረጴዛውን ያነቃንቀዋል። «እግርሽን» ይለኛል ዓይኑን ሳያነሳ። ቶሎ እንዲል ገጽ ልገልጥለት ስል እጄን ይመልሰዋል። አሥራ ሰባተኛዋ ፍየል ላይ ሲደርስ ከመሳቢያው ያልፈረመበትን ጀዋቤን አወጣና እስክሪብቶ ጠየቀኝ።