የካርድ ክፍሏ ረዥም ሰላምታ

አዳማ ውስጥ ለአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም ስሠራ፣ ክፍሉን የያዙት ጡረታቸው የተቃረበ፣ ስኳር ዓይናቸውን ያደከመባቸው ሴት ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ እኔ እየሰማሁ «የፕሮግራሙ ሙከራ እስኪያልቅ በኮምፒውተር መሥራት ካልቻሉ ሌላ ሰው እንተካለን» አላቸው። ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ይህን ሙያ ዘግይቼ የተማርኩ ነኝና፣ ቃሉ ለእኔም የተነገረ ያህል ከነከነኝ። የፕሮግራሙን ፊደል አተለቅኩላቸው።

በሙከራው ቀናት ከአጠገባቸው ተቀምጬ አያለሁ። በኮምፒውተሩ ላይ ስም መፈለጊያው መስኮት ሲከፈት እጃቸው ፈጣን ነው። የታካሚው ካርድ በሌላ መስኮት ሲከፈት ግን ሰላምታ ይጀምራሉ። አንድ ቀን የመጡት የመልካሳ ገበሬ ነበሩ።

«አከም ጂርቱ፣ አባቴ? ዝናቡስ? ልጆቹስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ባለፈው የመጡት ለግፊት ነበር አይደል?»

«ለወገቤ ነው እንጂ! ረሱኝ እንዴ?»

«እርስዎን ማን ይረሳል!» ብለው ወደ ሐኪሙ ላኳቸው።

መጀመሪያ የአገር ወግ ብቻ መሰለኝ፤ እዚህ ሳይጠያየቁ ወደ ሥራ መግባት ነውር ነው። ቆይቶ ግን ሰላምታው የሚረዝመው ሁልጊዜ በካርዱ መስኮት ላይ መሆኑን ልብ አልኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ፊደሉ ደቃቃ ነው። መጠኑን ለየመስኮቱ ለብቻ ስለሰጠሁ፣ በኋላ የጨመርኩት የካርዱ መስኮት ማተለቁ ሳይደርሰው ቀርቷል።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አይታየኝም እንዳልል ያ ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆሟል። ካርዱ ላይ ያላየሁትን እያጫወትኩ ከአፋቸው እሰማለሁ።»

ከሰዓት የፊደሉን መጠን ከየመስኮቱ አውጥቼ መላው ፕሮግራም የሚጋራው አንድ ቦታ አስቀመጥኩት። እሱም አልበቃም። መጠኑን ስንቀይር አስቀድሞ የተከፈተው መስኮት በድሮው መጠን ቀረ፤ ሲከፈት መጠኑን አንዴ ወስዶ ዳግም አይጠይቅም ነበር። ለውጡን እየተከታተለ እንዲወስድ አደረግኩት። የሠራሁላቸውን የፊደል ማተለቂያ ቁልፍ እትዬ ራሳቸው ሲጫኑ መስኮቶቹ ሁሉ አብረው አደጉ።

በሙከራው ማብቂያ ሥራ አስኪያጁ ከጀርባቸው ቆመ። «ይሄ ፊደል ግድግዳ ሊያክል ነው እኮ!»

«ላንተም ይታይህ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ሳቀ። ጥቂት ሲሠሩ አይቶ «በቃ፣ ይቀጥሉ» አላቸው።

ከዚያ የመልካሳው ገበሬ ተመልሰው መጡ። እትዬ ካርዱን አንብበው «ለወገብዎ ነው፣ ሁለተኛው ክፍል ይግቡ» አሏቸው። ሰውየው ንቅንቅ አላሉም።

«ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

እትዬ ፊታቸውን ከኮምፒውተሩ መለሱ።

«ኧረ በፍጹም! ይቀመጡ እስቲ። ዝናቡ እንዴት ሆነ?»