ከፀሐይ የተሸሸገው የአባቴ ፎቶ

ልጅ እያለሁ ፀሐይ ትፈጀኝ ነበር። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ የማትፈጀው ማን አለ ትሉ ይሆናል፤ የእኔ ግን ሌላ ነው። ደጅ ጥቂት ከቆምኩ ፊቴና ክንዴ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይላጣል። የሰፈሩ ልጆች ቁምጥና መስሏቸው ይሸሹኝ ነበር። እናቴም ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት በር ዘግታብኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ማሽላው ሲያሽት እኩዮቼ ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ሲጠብቁ ድምፃቸው ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ወንጭፉ ሲጮህ፣ በጥንቅሽ ሲጣሉ፣ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ጆሮዬን ጭቃው ግድግዳ ላይ ለጥፌ የሳቀው ማን እንደሆነ እገምታለሁ። ጎረቤቶቻችን እናቴን ሲያጽናኑ «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይሏት ነበር። እንዲህ የሚል ሰው አንድ ቀን እንኳ ብቻውን ቤት ውሎ አያውቅም።

ከሰው ሁሉ የሚያጫውተኝ አባቴ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጄን ይዞ ወንዝ ዳር ይወስደኛል። ታዲያ ጣልያን ከደብረ ሲና በላይ ተራራውን እየፈለፈለ መንገድ ሲያወጣ፣ ከየመንደሩ ሰው ሰብስቦ ሲወስድ አባቴንም ወሰደው። ከመሄዳቸው በፊት ለሠራተኛ ወረቀት ፎቶ ተነሡ። ፎቶ አንሺው ለሙከራ ያወጣትን አንዲት ወረቀት ሊጥላት ሲል አባቴ ለምኖ ተቀበለው። አስተርጓሚው «የማጽኛ መድኃኒት አልነካትም፤ ብርሃን ካያት ትጠቁራለች» ብሎ አስጠነቀቀው። አባቴ አመሻሹ ላይ በነጠላው ሸፍኖ አመጣልኝና «ይቺም እንዳንቺው ፀሐይ አትወድም። አብራችሁ ቤት ዋሉ» አለኝ። በማግስቱ ሄደ።

ወረቀቷን በጥቁር ሻሽ ጠቅልዬ ከሳጥኑ ሥር አኖርኳት። በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ጭላንጭል እገልጣትና ቢስሚላህ ብዬ እስከ አስር እቆጥራለሁ። ነጭ ጥምጣሙ፣ ወፍራም ቅንድቡ፣ ሳቁን የያዘው ከንፈሩ ይታየኛል። በገለጥኳት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጠቆረች ስለመጣች፣ እያየሁት የምጨርሰው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ለጁምዓ ብቻ አደረግኋት። ክረምቱ ወጣ፣ ማሽላው ታጨደ፣ አባቴ አልመጣም። አንድ ከሥራው የተመለሰ ሰው ወደ ሌላ አገር ወስደውታል አለን፤ ወዴት እንደሆነ ግን አያውቅም።

አንድ ቀን እናቴ ገበያ በሄደችበት የአባቴ እናት ከካራቆሬ በአህያ መጡ። ፎቶ መኖሩን ከሰው ሰምተው ነው። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ «እስቲ ልጄን አሳዪኝ» አሉኝ። ጭላንጭሉ ዘንድ ወስጄ ገለጥኩላቸው። «ጨለማ ነው፣ አይታየኝም። ወደ ብርሃን አውጪልኝ» አሉ።

«ብርሃን ካየ ይጠፋል» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። «እኔም ልጠፋ ነው የኔ ልጅ፤ አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ።

እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ሌላ አባት የሚሆነኝ ነገር አልነበረኝም። ግን የእኔ አባት የእሳቸው ልጅ ነው። ነጠላዬን ተከናንቤ በሩን ከፈትኩና ቀትር ላይ አብረን ወጣን። ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወረቀቷን ከእጄ ተቀበሉኝ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት፣ ደግሞ አራቋት። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ዘቅዝቀው ነው የያዟት። ጥምጣሙ ወደ ታች፣ አገጩ ወደ ላይ ሆኗል።

«ከስቷል» አሉ። «ዐይኑ ግን ያው ነው። አልሐምዱሊላህ።»

ዐይናቸው እንደጠፋ ያን ጊዜ ገባኝ። አዙሯት ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ አላልኩም። እንዳየሁባቸው ያውቃሉ ብዬ አፈርኩ። ክንዴ መቃጠል ጀምሯል። ወረቀቷ መጀመሪያ ደም መሰለች፣ ከዚያ ከጠርዙ ጀምራ እየጠቆረች ሄደች። እሳቸው የጠቆረችውንም ሳሟት። የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግደው፣ ተደስተው አህያቸው ላይ ወጡ። በካራቆሬ ላገኙት ሁሉ «ልጄን አየሁት» እያሉ እንደተናገሩ ሰማን። ብዙም አልቆዩም፤ ሞቱ። እኔ ለሳምንት ፊቴ ተልጦ ተኛሁ። እናቴ በምን እንደተቃጠልኩ ብትጠይቀኝም አልነገርኳትም። አባቴም ከዚያ በኋላ አልመጣም።

የዛሬ ልጅ እንደ እኔ ቢፈጠር ሐኪም ቅባት ያዝዝለታል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ትምህርት ቤትም ይሄዳል። ፎቶም ሞልቷል፤ ልጆቼ የቀትር ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ ዓመት ሙሉ አይጠቁርም። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እቀናለሁ። የአባቴን ፊት ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ ያ የተዘቀዘቀው ነው። አንዲት ቃል ተናግሬ ባዞርላቸው ኖሮ የመጨረሻዋን ጊዜ አብረን እናየው ነበር። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ለየብቻችን ሆንን።

አሁን የእኔም ዐይን ሞራ ጋርዶታል። የልጅ ልጄ የልጇን ፎቶ ከአዲስ አበባ ስታመጣልኝ እጄ ላይ ታስቀምጠዋለች። አላፍርም፤ አስቀድሜ «ላዩ የቱ ነው?» ብዬ እጠይቃታለሁ።