ከኑሪያ ጋር ወደ ትልቁ ጎማ

ከአዲስ አበባው ዓለም ባንክ ሰፈር ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም። ሰው ጠዋት ወጥቶ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣውን በልቶ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን ለዚህች የአንድ ቀን መንገድ ክረምቱን ሙሉ ስዘጋጅ ከረምኩ። ጎረቤቶቼ «ራህማ፣ ሐጅ ልትሄጂ ነው እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ነበር።

ምክንያቱ ልጄ ኑሪያ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አላት። ድንገተኛ ድምፅ ያሳምማታል፣ ሳታስበው ሰው ሲነካት ትደነግጣለች፣ የተነገራት ነገር ከተለወጠ ደግሞ ቀኑ ሁሉ ይገለበጥባታል። ይህን የማያውቅ ሰው «ባለጌ ልጅ» ይላታል። እኔም እንዲህ ካለው ሰው ጋር ለመጨቃጨቅ ጉልበት አይጎድለኝም።

አረፋ በመጣ ቁጥር ሰፈራችን ሻንጣውን ጠቅልሎ ሀገር ቤት ይገባል። የእኛ ሀገር ቤት ወራቤ አጠገብ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሄድ ወይ እኔ ወይ ባለቤቴ ጀማል ከኑሪያ ጋር እንቀራለን። አንድ ጊዜ ሁላችንም አብረን ሞክረን ቡታጅራ ሳንደርስ ተመልሰናል። ከዚያ ወዲህ አማቴ ልጅቷን አላየቻትም።

ዘንድሮ ኑሪያ ስልኬ ላይ አንድ ነገር አየች፤ ቢሾፍቱ ባለ መናፈሻ ውስጥ ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ ከፍ እያለ የሚዞር ትልቅ ጎማ። «ጎማው ላይ እወጣለሁ» አለች። በማግስቱም አለች፤ በየቀኑ አለች። ጀማል አሰበበትና «ቢሾፍቱን ከቻለች ሀገር ቤትንም ትችላለች። ካልቻለች ግን የአረፋውን ነገር እንርሳው፣ ልጅቷንም አናሰቃያት» አለኝ። እንግዲህ የጎማው ጉዞ ለእኔ ጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ዝግጅቱ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ስለዚህ መናፈሻውን አስቀድሜ ብቻዬን ሄጄ ለማየት ወሰንኩ። የመጋረጃ ስፌት ቤቴን ዘግቼ ሄድኩና በሩን፣ ሽንት ቤቱን፣ ጥላ ያለበትን ዛፍ፣ ጎማውንም ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ግራ ገብቶት «ልጆቹስ የታሉ?» አለኝ።

«ቤት ናቸው።»

«ታዲያ የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት?»

ፎቶዎቹን አሳጥቤ በየተራቸው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት። ለጆሮዋ ግንበኞች የሚያደርጉትን የድምፅ መከላከያ መርካቶ ገዛሁ፤ ሻርፗን በላዩ ስታስር ምንም አይታይም። ምግቧ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ሙዝ ነው፤ አንዱ ሌላውን መንካት የለበትም። የሚኒባሱ ረዳት «ደብረ ዘይት» እያለ እንደሚጣራና ቦታው ያው ቢሾፍቱ እንደሆነም አስቀድሜ ነገርኳት። ያልተዘጋጀሁበት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

አብራን የምትሄደው ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ኑሪያን ከነፍሷ ትወዳታለች፤ የፎቶውን ነገር ግን አልወደደችውም። «ሽንት ቤት ፎቶ ለማንሳት ቢሾፍቱ ድረስ የሄደ ሰው አንቺን አየሁ» አለችኝ። እሷ የምታምነው በምግብና በማባበል ነው። ቆጮውን፣ አይቡን፣ ጎመኑን ሁሉ ጠቅልላ ስትመጣ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ ነበር።

አየር ጤና፣ ከዚያ ቃሊቲ

በማለዳ ወጣን። አየር ጤና ላይ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ የሚወስደው የታክሲ ሰልፍ ጋራዦቹ ድረስ ተጠማዟል። ሰዓዳ ኑሪያን እያየች «አሁን ይመጣል የኔ ቆንጆ፣ አሁን» አለቻት። ኑሪያ መንገዱን አየች። ታክሲ የለም። «አልመጣም» አለች። ሰዓዳ መልሳ «መጣ፣ መጣ» አለቻት። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ ይህ ተደጋገመ፤ ኑሪያም የእጅጌዋን ጫፍ መንከስ ጀመረች። እኔ የመኪናው ጩኸት ነው ብዬ የጆሮ መከላከያውን አስተካከልኩላት።

ቃሊቲ ስንደርስ የቢሾፍቱው ሚኒባስ ረዳት «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ገባን። ኑሪያ ባዶ ወንበሮቹን ቆጠረችና «አምስት ነው» አለችው።

ረዳቱ ሳቀ። «ምን ላድርግ እህቴ፣ አምስት ካልኩ ማን ይገባል?»

ኑሪያ ግን አልሳቀችም። አንድ ሰው በገባ ቁጥር የቀሩትን ወንበሮች ቁጥር ጮክ ብላ ትናገራለች። ተሳፋሪውም ለመደና እሷን መስማት ያዘ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ረዳቱስ እሷ ብትሆን ኖሮ» ብለው አሳቁን።

መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች ተደርድረው ቆምን። ሰዓዳ «ደረስን፣ ደረስን» አለቻት። ኑሪያ በመስኮት ታፔላ አነበበች። «ዱከም ይላል» አለችና እንደገና እጅጌዋን ነከሰች።

ነገሩ ያን ጊዜ ያስገርመኝ ጀመር። ይህን አባባል ከየት አመጣነው? ገና ካልሲያችንን እያጠለቅን ስልክ አንስተን «ደርሻለሁ» እንላለን። እኔ ራሴ መቀሱ ያልነካውን መጋረጃ «እያለቀልሽ ነው» እያልኩ ደንበኛ እሸኛለሁ። ሰሚውም ያውቃል፣ ተናጋሪውም ያውቃል፤ ማንም አይቀየምም። የሚጠብቀው ሰው ልቡ እንዳይደክም ብለን የምንሰጠው ጉርሻ ነው። ይህን እያሰብኩ ቢሾፍቱ ገባን፤ ሐሳቤንም ባጃጁ ውስጥ ረሳሁት።

መናፈሻው

በሩ ልክ እንደ ፎቶው ነበር። ዛፉም በቦታው አለ። ኑሪያ እያንዳንዱን እያየች «አለ» ትላለች፤ ፊቷ እየበራ ሄደ። በሽንት ቤቱ በኩል ስናልፍ ሰዓዳን ወደ ኋላ ዞሬ አየኋት፤ ያላየች መስላ የምግብ ጥቅሏን አስተካከለች። ሙዚቃው ከባድ ነበር፣ ሕፃናቱ ይጮኻሉ፤ ኑሪያ ግን መከላከያዋን አድርጋ ቀጥ ብላ ጎማው ሥር ቆመች። ሲዞር አየችው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ትኬት ቆርጠን ተሰለፍን። ተራችን ሊደርስ ሲል ጎማው ቆመ።

መብራት ሄደ።

ትኬት ቆራጯ ወጣት «አሁን ይመጣል እናቴ» አለችኝ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው «መጣ በይው» አለ። ሰዓዳም ጎንበስ ብላ «አሁን፣ አሁን ይዞራል የኔ ማር» አለቻት። ኑሪያ ጎማውን አየች። «አልዞረም።» «ይዞራል፣ ይኸው መጣ።» «አልመጣም!» ብላ ጮኸች። መሬት ተቀመጠች፤ ጭኖቿን በእጆቿ ትመታ ጀመር፣ ድምፅዋም ከፍ እያለ ሄደ።

ሰው ከበበን። አንዱ «ልጅቷን ምን አድርጋችኋት ነው?» አለ። ሰዓዳ ደንግጣ ዳቦ ልታጎርሳት እጇን ዘረጋች፤ ኑሪያ ዳቦውን ገፍታ ጣለችው። ቡታጅራ ሳንደርስ የተመለስንበት ቀን ትዝ አለኝ። አረፋም፣ አማቴም፣ ሁሉም ነገር ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። ፈራሁ።

ሰዓዳ አሁንም «መጣ፣ መጣ» እያለች ነው። ያን ጊዜ የረሳሁት ሐሳብ ተመለሰ። ኑሪያ ጠዋት እጅጌዋን የነከሰችው መኪና ሲጮህ አልነበረም፤ «አሁን» በተባለች ቁጥር ነበር። ለድምፁ ተዘጋጅቻለሁ፣ ለምግቡ፣ ለሽንት ቤቱም ተዘጋጅቻለሁ። ለገዛ አፋችን ግን አልተዘጋጀሁም።

«እትዬ ሰዓዳ፣ በአላህ ዝም በይ» አልኳት። ከኑሪያ ትንሽ ራቅ ብዬ መሬት ተቀመጥኩ። «ኑሪያ፣ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» አልኩ።

መምታቷን አላቆመችም። ደገምኩት። «አላውቅም። አክስትሽም አታውቅም። ትኬት ቆራጯም አታውቅም።»

እጇ ቀስ አለ። «ማንም አያውቅም?»

«ማንም አያውቅም።»

«ካልመጣስ?»

ይህን ጥያቄ ነበር ክረምቱን ሙሉ የፈራሁት። «ካልመጣ ሳንወጣ ወደ ቤት እንመለሳለን። እኔም በጣም ይከፋኛል» አልኳት።

«እኔም ይከፋኛል» አለች። ቆይታ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

እዚያው ጎማው ሥር ምሳ በላን። እሷ ድንቿን ለብቻው፣ ሙዟን ለብቻው፤ እኛ ቆጯችንን። ሰዓዳ ተከፍታ ነበር። ያደገችበትን ደግነት በአንድ ቃል «ዝም በይ» ብዬ እንደቀማኋት ገብቶኛል። ቢሆንም በልታ ስትጨርስ ትኬት ቆራጯን ጠርታ ቆጮ አቀበለቻት፤ «አሁን ይመጣል» ግን አላለቻትም።

መብራቱ የመጣው ሰዉ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ከተበተነ በኋላ ነው። ሰልፍ አልነበረም። የጎማው አንዱ የመቀመጫ ሣጥን ሦስት ሰው ስለሚይዝ አብረን ገባን። ጎማው ሲነሳ ኑሪያ በደስታ እጆቿን አርገበገበች። ሐይቁ ከዛፎቹ በላይ ወጣ፣ ከዚያም የቤቶቹ ቆርቆሮ። ለካስ ሰዓዳ ከፍታ ትፈራለች፤ ብረቱን ጨብጣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ደረስን?» አለች በደከመ ድምፅ።

«አልደረስንም» አለች ኑሪያ። «ላይ ነን። ሐይቁ ይታያል። አሁን መውረድ ጀመርን። ግማሽ ላይ ነን። መሬት ቀረበ።»

ሰዓዳ ጎማው እስኪቆም ዓይኗን አልገለጠችም፤ ግን በየዙሩ «አሁንስ የት ነን?» ትላታለች፣ ኑሪያም ትነግራታለች። ትንፋሿ እየተረጋጋ ሲሄድ አጠገቧ ተቀምጬ ይሰማኝ ነበር።

መልስ

ስንመለስ አየር ጤና እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ ጠበቀን። ኑሪያ ደክሟታል። «ደረስን?» አለች። ሰዓዳ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፤ ከዚያ «ገና አየር ጤና ነን። መንገዱ መቼ እንደሚለቀቅ አላውቅም» አለች። ኑሪያ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች።

ጀማል በር ላይ ቆሞ ነበር። ምንም ሳይጠይቅ ፊታችንን አየ። ያየሁትን ሁሉ፣ መሬት የተቀመጥንበትንም ጭምር ነገርኩት። «እና አረፋ?» አለኝ። ኑሪያ ሰማች፤ «ሀገር ቤት እሄዳለሁ?» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እናያለን» ብለን እናልፈው ነበር። ጀማል እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሷን። «አዎ፣ ትሄጃለሽ። ሁላችንም እንሄዳለን» አላት።

ይህ ጉዞ ብዙ ነገር አስተምሮኛል ብዬ አልመጻደቅም። ልጄ መጠበቅ የማትችል ይመስለኝ ነበር። ለካ መጠበቅ ትችላለች፤ ያቃታት የእኛ ማባበል ነው።

ኑሪያ ግድግዳው ጋ ሄደች። ከጎማው ፎቶ ቀጥሎ ባዶ ነው። «የሀገር ቤት ፎቶ የለም» አለች።

ሰዓዳ ጫማዋን እያወለቀች «በሚቀጥለው ሳምንት ሀገር ቤት እሄድ የለ? አያትሽ ቤት ጎራ ብዬ አነሳልሻለሁ» አለቻት። ወደ እኔ አልዞረችም። «በሩን አነሳለሁ። ሽንት ቤቱንም አነሳለሁ። ላሚቷንም አነሳለሁ።»

«ላሚቷ ትዋጋለች?»

«አት...» አለችና ሰዓዳ ቆም አለች። አንዱ ጫማ እጇ ላይ ነው።

«አላውቅም የኔ ልጅ» አለች። «ጠይቄ እነግርሻለሁ።»