ከማኅደሩ የወጣው ድምፅ

ደባርቅን ጉም የዋጣት ቀን ሰው የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው። ያን ዕለት ጠዋትም ሠርካለም እንግዳዋን ከማየቷ በፊት ሳሉን ሰማች። መጀመሪያ ደረቅና አጭር ነበር፤ መጨረሻው ግን ረዘም ብሎ፣ ዘይት እንደናፈቀው በር ሲጢጥ አለ። ከዚያ ጉሙ ገለል ሲል ነጭ ጥምጣም፣ መቋሚያና በትከሻ የተንጠለጠለ የቆዳ ማኅደር ታየ።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ አባቴ፣ ብርዱ ከደጅ ይቅር።»

ሠርካለም ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቋ ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ዊንዶው ትጭናለች፤ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥና ሲገዛም ገማች እሷ ናት። በሥራዋ ላይ አንድ ጠባይ አላት። የማንንም ኮምፒውተር ከማጥፋቷ በፊት «ውስጡ የሚፈለግ የለም?» ትላለች። የለም ሲሏት ደግማ ትጠይቃለች። ሰልችቷቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ ደግሞ «ሌላ ሰው የሚፈልገውስ?» ትላለች። የከተማው ወጣት «ሠርኬ እንደ ነፍስ አባት ሳታናዝዝ አትጭንም» እያለ ያሾፍባታል።

ምክንያቱን ለማንም ነግራ አታውቅም። አባቷ የቱሪስቶችን ጓዝ እየጫኑ በሰሜን ተራሮች እስከ ጨነቅ የሚወጡ ባለ በቅሎ ነበሩ። እሷ ጎንደር ትምህርት ላይ ሳለች ሞቱ። የመዳፋቸው ሻካራነት፣ የኮርቻቸው ሽታ ዛሬም አብሯት አለ፤ ድምፃቸው ግን ጠፍቶባታል። ዳገት ላይ ደክማ የቆመችውን በቅሎ «ነይ እንጂ እመቤት» እያሉ ሲያባብሉ ታስታውሳለች። ቃሉን ይዛዋለች። የተናገረውን ድምፅ ፈልጋ ግን አታገኘውም፤ በጉም ውስጥ አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ እንደማየት ይሆንባታል።

እንግዳው ማኅደሩን ከትከሻቸው አውርደው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። በወፍራም ቆዳ የተሰፋ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር፣ አቧራ ቀርቶ አየር የማያስገባ የመጽሐፍ ቤት ነው። ሠርካለም ድጓ ሊወጣ ነው ብላ እጇን በጨርቅ ጠረገች። የወጣው ግን ጥቁር፣ ከባድ፣ ጀርባው ላይ ቀይ መስመር ያለበት ጌም ላፕቶፕ ነበር።

«ዋጋውን ንገሪኝ ልጄ» አሉ። «ከዚያ በፊት ግን አጥፊልኝ።»

«ምኑን ነው የማጠፋው?»

«ያለበትን ሁሉ።»

ስማቸው መሪጌታ ባርናባስ ነው፤ ዳባት የድጓ መምህር ናቸው። ላፕቶፑ የልጃቸው የዓለምብርሃን ነበር። ልጁ ዜማውን ከእግራቸው ሥር ጀምሮ እመንገድ ላይ ጥሎት ወጣ፤ ተራራው ላይ ቡይት ራስ እንግዳ አስጎብኚ ሆነ፤ ባገኘው ገንዘብ ይህን ገዛ። ባለፈው ክረምት ከእንግዶቹ ጋር ሊማሊሞን ሲወርዱ መኪናው በጉም መንገድ ስቶ ገደል ገባ። ዓለምብርሃን ከዚያ አልተመለሰም።

«በሕይወቱ ሳለ ጣዖት አቆምህ እያልሁ ስገሥጸው ኖርሁ» አሉ መሪጌታ። «ከሞተ በኋላ ግን መጣል አልሆንልህ አለኝ። ማኅደር ሰፍቼ ከድጓው አጠገብ ሰቀልሁት።»

«ተሰቅሎ ብቻ ነው የቆየው?»

«ሽቦው በስፌቱ በኩል ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። 'እማዬ፣ ቻርጁ እንዳያልቅ' ብሏት ነበር ሲወጣ። እናቱ በለጠች እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልነቀለችውም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጎህ ሊቀድ ሲል ቆዳው ይግላል። ከስፌቱ ቀይ ብርሃን ይወጣል። እንደ ቆላ ነፋስ ያጓራል። ከዚያ... ይዘምራል።»

«ማን ነው የሚዘምረው?» አለ ከበሩ በኩል ሌላ ሰው።

ደርቤ ነበር፤ ከወደ ገበያው ጌም ቤት ያለው፣ የሰው ንብረት ሲሸት ከሩቅ የሚደርስ ሰው። ላፕቶፑን ሲያይ ዓይኑ በርቶ ነበር፤ የመጨረሻውን ቃል ሲሰማ ግን ግማሽ እግሩን ወደ ውጭ አወጣ።

«ሠርኬ፣ ይዘምራል ከተባለ ዋጋው መቀነስ አለበት። ደንበኞቼ ሕፃናት ናቸው።»

«አንተ ሳታየው ቀንሰሃል። ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ ጉሙን አታስገባ።»

ሠርካለም ግመታዋን ጀመረች። ማጠፊያውን ከፍታ ዘጋችው፤ አልላላም። ስክሪኑን ወደ ብርሃን አዘነበለችው፤ ንጹሕ ነው። ከቁልፎቹ መካከል አራቱ ብቻ ፊደላቸው ተበልቶ ነጥተዋል፤ ተጫዋች ወደፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድባቸው ናቸው። መሪጌታ ጣታቸውን በነጡት ላይ አሳርፈው ቆዩ። የልጃቸው ጣት ዱካ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

ከዚያ ገልብጣ ሆዱን ፈታችው። ሁለቱ ማቀዝቀዣ ፋኖች በአቧራና በቆዳ ብናኝ ተጠቅጥቀው የበግ ጠጉር የለበሱ መስለው ነበር።

«መሪጌታ፣ ይህ እኮ ይተነፍሳል። ማኅደር ውስጥ አፍነውታል።»

«መጽሐፍ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ ምን ትንፋሽ አለው?»

«ይህኛው ቢዘጋም አያርፍም። የነፋሱ ድምፅ ፋኑ ነው፤ ቀዩ ብርሃን የቁልፎቹ መብራት ነው። የጌም ላፕቶፕ ነፍሱ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ እሱ ቢቃጠል ኖሮ የቀረው ቆርቆሮ ነበር። ደግነቱ ተርፏል።» ወደ ደርቤ ዞረች። «ዕቃው ደህና ነው። ዋጋውንም ታውቃለህ፤ አታስለፍፈኝ።»

«ስለ መዝሙሩስ ምንም አላልሽ።»

እሷም አላወቀችም። ጠባይዋ ነውና ጠየቀች፤ «ውስጡ የሚፈለግ የለም?»

«የለም።»

«በእውነት የለም?»

«የለም አልሁሽ ልጄ።»

«ሌላ ሰው የሚፈልገውስ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በለጠች አታጥፋው ትላለች። ኀዘኑ አእምሮዋን ነክቶታል። ድምፁን የሰማን ዕለት ምን አለችኝ? 'ያንተ ድምፅ ነው' አለችኝ። እኔ አጠገቧ ተኝቼ፣ አፌን ገጥሜ፣ ከግድግዳ ላይ እንዴት እዘምራለሁ? ባስረዳት አልሰማ አለች። አሁን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ከሥሩ ትቀመጣለች። ይህን አጥፍቼ ቅዳሜ ጠበል ላስገባት ነው። እዚያው ትከርማለች፤ እስኪለቃት።»

ሠርካለም የያዘችውን ብሎን ፈቺ አስቀመጠች። ባልን ከሚስት የሚለየው የእሷ ጣት ሊሆን ነው።

ከማጥፋት ይልቅ ዲስኩን ነቀለችው፤ ከማስቲካ የማይሰፋ ስስ ነገር ነው። በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ ከፈተችው። ብዙ ሳትደክም አገኘችው። ልጁ ማሽኑ በየቀኑ ጎህ ሲል አንድ የድምፅ ቅጂ እንዲያጫውት አዝዞታል። ለእንቅልፉ መቀስቀሻ ያደረገው እሱን ነበር።

«መሪጌታ፣ ይቀመጡ» አለችና ከፈተችው።

ጾመ ድጓ ነበር፤ በግዕዝ ዜማ፣ ቀስ እያለ፣ ሰው የማይሰማው መስሎት ለራሱ ቀለም የሚከልስ መምህር ድምፅ። ደርቤ ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ። መሪጌታ አልተቀመጡም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የኔታ ወልደ ሩፋኤል!» አሉ። «መምህሬ ናቸው። አያያዛቸው ነው፤ እዚህ ላይ ዜማውን የሚሰብሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ካረፉ ስንት ዘመናቸው! በምን ዕዳዬ መጡብኝ?»

«እሳቸው አይደሉም።»

«አንቺ ታስተምሪኛለሽ? በእግራቸው ሥር ያደግሁት እኔ...»

ያን ጊዜ ዜማው ተቋረጠ። ሳል ተሰማ፤ ደረቅና አጭር፣ ከዚያም ረዘም ብሎ እንደ በር ሲጢጥ የሚል።

ደርቤ ቀስ ብሎ ወደ መሪጌታ ዞረ። ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ባዳ ይሆንበታል። የገዛ ሳሉን ግን ማን ያጣዋል?

ከቅጂው ውስጥ ዶሮ ጮኸ። በር ተከፈተ፤ የሴት ድምፅ መጣ፤ «ዓለምዬ፣ በዚህ ብርድ ደጅ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?»

ለመቅረጫው በጣም የቀረበ ወጣት ድምፅ በሹክሹክታ መለሰ፤ «ዝም በይ እማዬ። አባባን እየሰማሁ ነው።»

ዜማው ቀጠለ። እዚያው አለቀ።

መሪጌታ በመቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ቆሙ። ደርቤ «እኔ ሱቄን...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም፤ በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «የእኔን ቆርጠሽ የሱን ቃል ብቻ ታስቀሪልኛለሽ?»

ቆረጠችላቸውና አሰማቻቸው። «ዝም በይ እማዬ። አባባን እየሰማሁ ነው።» ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ልጁ ዝም ያለ ነገር እያዳመጠ ቀረ።

መሪጌታ እጃቸውን አወዛወዙ። «ተዪው፤ እንዳለ መልሺው። የሚሰማው ከሌለ ምን ብሎ ዝም ያሰኛታል?»

ቅጂውን በስልካቸው ሚሞሪ ላይ ጫነችላቸው። ላፕቶፑን አልወሰዱትም፤ «ለዕቃው ዓይን የለኝም፤ የሰው ልጅ ይጫወትበት» አሉ። ያቺን ስስ ዲስክ ግን ተቀብለው በሰፊው ማኅደር ውስጥ ከተቷት፤ ጠፍሩንም አሰሩት። ሲወጡ ከበሩ ላይ ተመለሱ።

«ጠበሉ...» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በለጠች እኮ የነገረችኝ በመጀመሪያው ቀን ነው።»

ሠርካለም ፋኖቹን ጠርጋ፣ አዲስ ዲስክ አስገብታ፣ ዊንዶው ጫነች። ማሽኑ እንደ ሕፃን ሀ ብሎ ጀመረ፤ ቋንቋ ጠየቃት፣ አገር ጠየቃት። «ስምዎ ማን ይባላል?» ሲላት ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ «ደርቤ» ብላ ጻፈች።

ሳምንት አልሞላም፤ ደርቤ ላፕቶፑን ታቅፎ ከች አለ።

«ሠርኬ፣ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ይነሣል! እኔ እዚያው ነው የምተኛው፤ ያበራና ይጠብቃል።»

«ይዘምራል?»

«ድምፅ እንኳ የለውም። ቢዘምር በተሻለ፤ ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ።»

ገባት። ልጁ የመነሻውን ሰዓት ያኖረው ዲስኩ ላይ ሳይሆን በማሽኑ በራሱ መሠረት ላይ ነበር፤ ዊንዶው ቢጠፋ እሱ አይጠፋም። ገብታ ሰዓቱን ሰረዘችው። ሥራ ሥራ ነው።

በማግስቱ ግን እሷ ራሷ በዚያው ሰዓት ነቃች። ደጁ ጉም ነው። ወደ ቡይት ራስ የሚወጡ በቅሎዎች በመስኮቷ ሥር ያልፋሉ። አንድ ሰው አንዷን «ነይ እንጂ እመቤት» አላት። ሠርካለም ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። ድምፁ የሌላ ሰው ቢሆንም ቃሉ ራሱ ነበር። ኮቴው እስኪርቅ ድረስ ጆሮዋን ከመስኮቱ አላነሣችም።